ከወሰኑ ድንጋይ ሥር

ሾላ ሜዳ ውስጥ ሁለት ሰዎች በእርሻ ወሰን ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ነገሩ ከከረረ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ያን ጊዜ የሚስቅም አለ፣ አንገቱን የሚደፋም አለ። አባባሏ ከአያት ቅድመ አያት የመጣች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መነሻዋ ግን አስፋልቱ ወደ አገሩ ሊገባ ሲል የሆነ ነገር ነው፤ በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ዛሬም አሉ።

አስካለ ታናሽ ወንድሟን ማንደፍሮን አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። እናታቸው የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ነበር። አድገው የአባታቸውን መሬት እኩል ተካፍለው፣ ጎን ለጎን እያረሱ ሲኖሩ፣ ከአንድ ከባድ ክረምት በኋላ የወሰኑ ድንጋይ አንድ ክንድ ያህል ወደ አስካለ ማሳ ገብቶ ተገኘ። እሷ «ገፋኸኝ» አለች። እሱ «በገዛ እህቴ አፍ ሌባ ተባልኩ» አለ። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። ልጇን ስትድር አልመጣም። ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ ልትቀምስ አልሄደችም።

በሚያዝያ የቅርስ ባለሙያዎች መጡ። መንገዱ ከመጠረጉ በፊት፣ ከማሳዎቹ ሥር የጥንት ሰው ትቶት የሄደው ነገር እንዳለ ሊያዩ ነው። መሪያቸው ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት ነበረች። ከማሳ ማሳ እየዞረች የሸክላ ስባሪ ስትለቅም ሰንብታ፣ በመጨረሻ የወሰኑ ድንጋይ ዘንድ ቆመች።

«እትዬ አስካለ፣ ስባሪው የሚበዛው እዚህ ነው። ድንጋዩን አንሥተን ከሥሩ ብንቆፍርስ?»

«ከተነሣ ማን ይመልሰዋል?»

«እኔ ለክቼ በቦታው እመልሰዋለሁ።»

«አንቺ ትሄጃለሽ፣ ልጄ። ከሰውዬው ጋር የምቀረው እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ያለችው ማንደፍሮን ነው። እሱም ከማዶ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ፍሬሕይወት ብቻ አዙሮ፣ እንዲሁ አለ። ኋላ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ተድላ «እንግዲያስ ድንጋዩ እኔ ዘንድ በአደራ ይቀመጥ» ብለው አስማሟቸው። ድንጋዩ ተነሥቶ ግራሩ ሥር ተደረገ፤ እሳቸውም ማንም እንዳይነካው ላዩ ላይ ተቀመጡበት።

ቁፋሮው ስድስት ቀን ፈጀ። ከፍሬሕይወት ጋር የመጡት ልጆች ሲባጎ ወጥረው አፈሩን በስሱ ይፍቃሉ፣ በብሩሽ ይጠርጋሉ፣ በወንፊት ይነፋሉ። አስካለ በዚህ በኩል እንዝርቷን ይዛ፣ ማንደፍሮ በዚያ በኩል ዱላውን ተመርኩዞ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ጉድጓዱን ይጠብቃሉ።

በአምስተኛው ቀን ፍሬሕይወት አስካለን ወደ ጉድጓዱ አፍ ጠራቻት።

«ይሄ የቤት መሠረት ነው። ይሄ አመድ ነው። እነዚህ ደግሞ ጉልቻዎች ናቸው።»

አስካለ ጎንበስ ብላ አየች። ሁለቱ ጉልቻ በእሷ በኩል ነው፤ ሦስተኛው በማንደፍሮ በኩል።

«ሰዎቹ ከኖሩ ስንት ዘመን ይሆናቸዋል?»

«ገና ይመረመራል። ሺህ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም።»

አስካለ በዚያ አመድ ላይ እፍ ያለችውን ሴት አሰበች። ማንደፍሮ ሕፃን ሳለ ብርድ ሲለው፣ እሳት ዳር ታቅፋ እግሩን በመዳፏ የምታሞቀው ትዝ አላት።

በማግስቱ ልጆቹ ምሳ ሊበሉ እንደሄዱ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደ። ፍሬሕይወት ብቻዋን ሸራ ልትዘረጋ ስትታገል ነፋሱ ነጠቃት። «ያዙልኝ፣ አመዱ ሊታጠብ ነው» አለች። አስካለ እንዝርቷን ጥላ ሮጣ አንዱን ጫፍ ያዘች። ሌላውን ጫፍ የያዘው ሰው ማንደፍሮ ነበር። ውሃው መሐል ላይ ተጠራቅሞ ሸራውን ያጎብጠው ጀመር።

«እታለም፣ ያንቺን ከፍ አድርጊው። ውሃው ወደ እኔ ይውረድ።»

እታለም ብሎ ከጠራት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

«ወዳንተ ከወረደ እኮ ትበሰብሳለህ» አለች እንደ ምንም።

«ልበስብስ።»

ውሃው ወረደበት። ዓይኑን ከሸራው ሳያነሣ፣ «ድንጋዩን እኔ አልገፋሁትም» አላት።

«እኔም አልነካሁት።»

«ታዲያ ማነው?»

«እንጃ። ጎርፉ ይሆናላ።»

ዝናቡ ሲያባራ አስካለ ነጠላዋን አውልቃ ጨመቀችና ወደ ማዶ ተሻገረችና፣ አርባ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ ጎንበስ በል ብላ ራሱን አደረቀችለት።

ባለሙያዎቹ መንገዱ ጥቂት ወደ ታች ፈቀቅ እንዲል ጽፈው አስፈቀዱ፤ ጉልቻዎቹንም እንዳሉ አፈር መልሰው ከደኗቸው። ፍሬሕይወት ሜትሯን ዘረጋችና፣ «የወሰኑ ድንጋይ ቦታ እዚህ ነው። ልመልሰው?» ስትል ጠየቀች።

«ጉልቻዎቹ መሐል ሊያርፍ ነው?» አለች አስካለ።

«አዎ፣ እመሐላቸው ላይ።»

አስካለ ወንድሟን አየችው። «ተዪው» አለ ማንደፍሮ፤ «አባ ተድላ ለምደውታል፣ ይቀመጡበት።»

ሰኔ ላይ እህትና ወንድም በሬያቸውን አቀናጅተው ሁለቱን ማሳ በአንድ ትልም አረሱት። አንድ መንገደኛ ይህን አይቶ ግራሩ ሥር ወደተቀመጡት አባ ተድላ ዞር አለና፣ «የእነዚህ ሰዎች ወሰን የት ገባ?» ቢላቸው፣ ሽማግሌው እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «ወሰን ከላይ ይለያል፣ መሬት ከሥር ይገናኛል።»