የፊታውራሪ ጉልበትና የደብተራው ዱቄት

አያ ገላግሌ፣ አባቶች ሲያወሩት እንደሰማነው፣ ከዓባይ ማዶ የነበረ ገባር ነው፤ መሬቱ ጠባብ፣ አፉ ግን ሰፊ። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ወንድይፍራው ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ደብተራ ፈንቴ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ የአሥራ ሁለት ሥር ዱቄት አዘዘላቸው። ሥሩን እንዲቆፍር የታዘዘው ደግሞ የአገሩ ገባር ሁሉ ነው። ዝናቡ ጥሏል፣ የጤፍ መዝሪያው እየቀረበ ነው፣ ሰው ግን ሞፈሩን ሰቅሎ ገደል ለገደል ሥር ይፈልጋል። አያ ገላግሌን ያንገበገበው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ፊታውራሪ ዱቄቱን አስቀመሱት። ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ጣል ቢያደርገው ሽምብራ ሽምብራ ይላል። ይበጃል ወይ ብለው ጠየቁት።

«ለጉልበት አላውቅም ጌታዬ፤ ለሽሮ ግን የጎደለው ጨው ብቻ ነው።»

ደብተራው ይህን ሰምቶ ተቆጣ። በሰው ፊት አስጠርቶ፣ ዱቄቱ የነብር ጅማት ሳይቀር አለበት፣ ነብር ጉልበቱን ሲያመው አይተህ ታውቃለህ ወይ እያለ አፋጠጠው። አያ ገላግሌም በትሕትና፣ በዚህ ሁሉ ቁና ዱቄት ውስጥ ጅማቱ ምን ያህል ነው ሲል ጠየቀ። ደብተራው የትንሽ ጣቱን ጥፍር ጫፍ አሳየው።

«እንግዲያማ ነብሩ አልሞተም፤ ጥፍሩን ተቆርጦ ሄዷል።»

ደብተራው በዚህ አልተረታም፤ በዱቄቱ ድኛለሁ የሚል ሽማግሌ ምስክር አመጣ። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት አንድ ቁንጥር ከማር ጋር ሲውጥ፣ ማታ የበግ ቅልጥም መረቅ ሲጠጣ፣ አርባ ቀን ሙሉ ከመደቡ ሳይወርድ መክረሙን ተናገረ። አያ ገላግሌ ጆሮውን ሰጥቶ ካዳመጠው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ዱቄቱን ቢረሱትስ ኖሮ?»

የፊታውራሪም አርባ ቀን አለፈ፤ ጉልበታቸው ግን እንዳመማቸው ነው። ደብተራ ፈንቴ፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የመጠኑ ነው፣ እጥፍ ይሁን አለ። እጥፍ ማለት ለገባሩ እጥፍ ቁፋሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዘር የለም፣ ክረምቱም አይጠብቅም። በግቢው የተሰበሰበው ገባር ሁሉ አያ ገላግሌን አየ። እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቅ አቃተው።

ፊታውራሪ ዓይናቸው አረፈበት። የሰውን መድኃኒት ሁሉ የምታጣጥል አንተ ነህ፤ እስቲ ለጉልበቴ የሚበጀውን ከነመጠኑ ንገረኝ አሉት።

አያ ገላግሌ ጋቢውን አደግድጎ ወደፊት ወጣ።

«መድኃኒቱ አንድ ነው፣ መጠኑም አንዴ ነው፤ ጉልበትዎን ከላያችን ያንሡት።»