የግምት ማኅበሩ በግ

እኛ ሰፈር ገና ያልያዘውን እንደያዘ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመን የምንላት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት የበግ ነጋዴዎች የፈጠሯት ይመስለዋል። እኔ ግን ስትወለድ እዚያው ስለነበርኩ እንዴት እንደመጣች ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን ነው። ልብስ ሰፊው ጋሽ ተክለወልድ በወጣትነታቸው የአውራጃ የኳስ ጨዋታዎችን ያጫውቱ ስለነበር ሰው ዛሬም ድረስ «ዳኛው» ይላቸዋል። ጨዋታ በሚታይበት አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩ ልጆች በገንዘብ እየተወራረዱ ሲኳረፉ አይተው አንድ ቀን ሰበሰቡንና፣ ገንዘቡ ይቅርና በግምት ብቻ ለምን አትፎካከሩም አሉን። የግምት ማኅበሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ስፌት ቤታቸው እንሰበሰብና የሳምንቱን ጨዋታዎች ውጤት እንገምታለን፤ እሳቸው የእያንዳንዳችንን ግምት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፋሉ። ማን እንደሚያሸንፍ ብቻ ያወቀ ትንሽ ነጥብ፣ ጎሉን ሳይቀር በትክክል የገመተ ብዙ ነጥብ ያገኛል። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ አንደኛ የወጣው ሰው ሁላችንም አዋጥተን የገዛነውን የመንዝ በግ ይወስዳል። በጉ ታዲያ የመጨረሻው ጨዋታ እስኪያበቃ ከጋሽ ተክለወልድ ግቢ አይወጣም።

በዚያ ዓመት ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲመራን የከረመው ሸዋንግዛው ነው። ሸዋንግዛው ቤት ቀለም የሚቀባ፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነበር። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ችኩል ነው። ሰው ሥራ ሊሰጠው ገና ሲያነጋግረው «ሥራ ያዝኩ» ብሎ ይጋብዘናል፤ ብዙ ጊዜ ግብዣው እንጂ ሥራው አይመጣም። ሚስቱ አስካለ ከፋሲካ በፊት ጥላው አንጎለላ ወደ አባቷ ቤት ሄዳ ነበር። ለምን ኮረፈች ስንለው «በኳስ ነው፤ ኳስ አትወድም» ይለናል። እኛም አመንነው።

በነጥብ የምትከተለው እልፍነሽ ናት። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ከመካከላችን ሴት እሷ ብቻ ነበረች። እንደ እኛ አትከራከርም፤ ግምቷን ተናግራ ትሄዳለች። የታናሽ እህቷ ልጅ ክርስትና ደርሶ ስለነበር፣ ካሸነፍኩ በጉን ለክርስትናው አርደዋለሁ ብላ ነግራናለች።

የመጨረሻው ጨዋታ በግንቦት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ቀዮቹ ከሰማያዊዎቹ ጋር ነበሩ። ሸዋንግዛው ቀዮቹ ሁለት ለባዶ ያሸንፋሉ ብሏል፤ እልፍነሽ ሁለት ለአንድ ብላለች። የእሷ ግምት በትክክል ካልመጣ በቀር በጉ የሸዋንግዛው ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ሽማግሌዎች ሲመላለሱ ከርመው እርቁ ያለቀውም በዚያው ሳምንት ነው። አማቹ አቶ ሀብተየስ ልጃቸውን ይዘው እሑድ አመሻሽ ላይ እንዲመጡ ተቀጥረዋል። ሸዋንግዛውም ችኩል ነውና፣ በኳስ ባገኘሁት በግ እቀበላችኋለሁ ብሎ አስቀድሞ ልኮባቸዋል።

ጨዋታው ለእረፍት ሲወጣ ቀዮቹ ሁለት ለባዶ ይመሩ ነበር። ሸዋንግዛው ከአዳራሹ ወጥቶ ጋሽ ተክለወልድን ወደ ጥግ ወሰዳቸው።

«ጋሼ፣ እንግዶቼ መንገድ ላይ ናቸው። ጨዋታው እስኪያልቅ ብጠብቅ ሥጋው መቼ ይደርሳል?»

«ሥርዓቱን ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ። ሁለት ለባዶ ነው እኮ። አማቼን በባዶ ቤት ልቀበል?»

እርቁን ከያዙት ሽማግሌዎች አንዱ ጋሽ ተክለወልድ ራሳቸው ነበሩ፤ አስካለን ለመመለስ ስንት ደጅ እንደጠኑ ያውቃሉ። ጥቂት አሰቡና ሄደው የግቢያቸውን በር ከፈቱለት።

እኔ እልፍነሽ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከእረፍት በኋላ ሰማያዊዎቹ እያጠቁ ቢቆዩም ኳሷ እምቢ ብላቸው ነበር። በባከነ ሰዓት ላይ ግን የማዕዘን ምት ተመታ፤ አንዱ ዘሎ በግንባሩ ገጫትና መረብ ውስጥ ገባች። አዳራሹ ተናወጠ። እልፍነሽ አልጮኸችም፤ አፏን በመዳፏ ይዛ ቀረች። ጨዋታው በዚያው ሁለት ለአንድ አለቀ።

ሁላችንም እንኳን ደስ አለሽ እያልን ስንከባት ጋሽ ተክለወልድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ።

«እልፍነሽ፣ በጉ ግቢዬ ውስጥ የለም። ሰጥቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ለማን ብላ አልጠየቀችም፤ ተነሥታ ወደ ሸዋንግዛው ቤት አመራች። ጋሽ ተክለወልድና እኔ ተከተልናት።

ስንደርስ ቆዳው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ጥብሱ ይሸታል። እንግዶቹ ገብተው ተቀምጠዋል። አስካለ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ድረስ ተከናንባ አባቷ አጠገብ አቀርቅራለች። ሸዋንግዛው ያንን ጩኸት ከቤቱ ሆኖ ሰምቷል፤ እኛን ሲያይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ገባው። እልፍነሽ በሩ ላይ ቆማ ሽማግሌውን አየች፣ አስካለን አየች። መንገድ ላይ ስታሰላስለው የመጣችውን ንግግር ዋጠችው መሰለኝ፣ «እንዴት አመሻችሁ» ብላ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ገበታው ቀረበ። አቶ ሀብተየስ እንጀራውን ባርከው ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ጎጆ ይሙቅ አሉ፣ ፍቅር ይመለስ አሉ። ከዚያም «ከገዛ በጉ አርዶ ያበላንን ልጃችንን» ሲሉ፣ እጅ ሊያስታጥብ ቆሞ የነበረው ሸዋንግዛው የያዘውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ ይህን ምርቃት እኔ አልቀበልም። በጉ የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው።»

ወደ እልፍነሽ አመለከተና ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ። አቶ ሀብተየስ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡና ወደ እልፍነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባለቤቷ አንቺ ነሽና እንብላ ወይስ እንተወው?»

እልፍነሽ ከጥጉ ተነሥታ ወደ ገበታው ቀረበች። «ይብሉ አባባ። ለክርስትና ነበር ያሰብኩት፤ እርቅም ከክርስትና አያንስም።»

ያን ጊዜ አስካለ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«እኔ በኳስ አልኮረፍኩም» አለችው። «የቤት መሥሪያ ቦታ ሳይሰጠን ተሰጠን ብለህ ለዘመድ ሁሉ አውርተህ አሳፈርከኝ። ዛሬ ግን ማንም ሳይጠይቅህ እውነቱን ተናገርክ።»

ከዚያ ለእልፍነሽ፣ በአባቴ መንጋ ውስጥ የግሌ በጎች አሉኝና ለክርስትናው አንዱን መርጠሽ ትወስጃለሽ አለቻት። ቃሏንም ጠበቀች፤ በዚያው ሳምንት ሁለቱ አብረው አንጎለላ ሄደው አንድ ሙክት ነድተው ተመለሱ። ሸዋንግዛውም ያን ምሽት እዚያው ገበታው አጠገብ ቆሞ የእልፍነሽን ቤት ለክርስትናው በነጻ ቀለም እቀባዋለሁ አለ።

«ቀብተህ ስትጨርስ ትነግረናለህ» አሉት ጋሽ ተክለወልድ፤ አስካለ ሳታስበው ሳቀች። ከመጣች ያን ጊዜ ገና መሳቋ ነበር።

ገበታው ሞቀ፤ መጉረስና ማጉረስ ተጀመረ። አቶ ሀብተየስ ኳስ አይተው አያውቁም። በመካከል ጋሽ ተክለወልድን፣ ይህ ጨዋታ የምትሉት ማለቁ በምን ይታወቃል ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ተክለወልድም ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ ግን ማንም አሸነፍኩ ማለት አይችልም ብለው አስረዷቸው። ሽማግሌው በዝግታ አላምጠው ዋጡና በተከፈተው በር በኩል ዛፉ ላይ የተሰቀለውን ቆዳ አይተው፣ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ፊሽካ ሳይነፋ በግ አይገፈፍም» አሉ።