የሽንኩርት ቸርቻሪዋ እጅ

አቶ ዘለቀ የሰፈሩን እድር በሊቀመንበርነት ከያዙ አሥራ ስምንት ዓመት አለፋቸው። ምርጫ በመጣ ቁጥር አባሉ የሚሰበሰበው ከቀሪ ቅጣት ለመዳን ብቻ ነው። "ብንቃወም ምን ልናመጣ!" ይልና አቀርቅሮ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሽንኩርት ቸርቻሪዋም እስከ ዘንድሮ እንደዚሁ ነበረች።

ዘንድሮ ግን ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ከሊቀመንበሩ ወንበር በላይ አዲስ ባነር ተሰቅሎ አየች። "በሙሉ ድምፅ በድጋሚ ለተመረጡት ሊቀመንበራችን እንኳን ደስ አለዎት!" ይላል። ምርጫው ገና አልተጀመረም! ደሟ ፈላ።

"የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ" አሉ አቶ ዘለቀ፣ ለደንቡ ያህል፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ።

ሽንኩርት ቸርቻሪዋ እጇን አወጣች። ድንኳን ሙሉ ሰው ዞሮ አፈጠጠባት።

አቶ ዘለቀ ከት ብለው ሳቁ። "አንቺ ሴትዮ፣ ከሦስት መቶ ሰው መሃል አንዲት እጅ? አውርጃት ይቅር፣ ትደክሚያለሽ። ለመሆኑ አንዲት እጅ ምን ታመጣለች?"

"እርስዎን እንኳ ላታወርድ ትችላለች፣ ጋሽ ዘለቀ" አለች፣ እጇን ይበልጥ ከፍ አድርጋ። "'በሙሉ ድምፅ' የሚለውን ባነርዎን ግን አውርዳዋለች።"