ላሟ ደፉን አልሻገርም ያለችበት ቤት

አንድ ሰው ነበረ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አገሩ ህንድ፣ ሃይማኖቱ ሂንዱ። ምነው ፊትህን አዞርክ ዳምጠው? «መምህር፣ ኃጢአቴን አንድ ሳላስቀር ተናዝዤ ልቤ ለምን አላርፍ አለኝ?» ብለህ የጠየቅኸኝ አንተው ነህ። እንግዲያው አርፈህ ስማ። ድሬዳዋ ሳለሁ አንድ የህንድ አገር ሰው ያጫወተኝ ነው።

ይህ ሰው ዕድሜውን በኪራይ ቤት ኖረ። ሚስቱ እዚያው ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ሦስተኛውን ስታረግዝ «ይሄኛው በገዛ ጣራችን ሥር ካልተወለደ አይበረክትልኝም» ብላ አለቀሰች። አንጀቱን በላችው፤ ቦታ ገዝቶ ቤት መሥራት ጀመረ። በቦታው መሃል፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት አሮጊት ጎጆ ነበራት። «እማማ፣ ለጊዜው እህትዎ ዘንድ ይቆዩ፤ ቤቱ ሲያልቅ ከጓሮ አንዲት ክፍል እሠራልዎታለሁ» አላት። አመነችው፤ ጨርቋንና መጥረጊያዋን ይዛ ወንዙን ተሻግራ እህቷ ዘንድ ሄደች። ቤቱ አለቀ፤ ክፍሏ ግን አልተሠራችም። እሷም ልትጠይቅ አልመጣች፣ እሱም ረሳ። መርሳት ለሚፈልግ ሰው ምን ይቸግረዋል!

እነሱ ዘንድ አዲስ ቤት ዘው ተብሎ አይገባም። ኮከብ ቆጣሪ ሰዓት ይቆርጣል። በዚያ ሰዓት ባለቤቱ ደፉ ላይ ይንበረከክና መሠረቱ ሲቆፈር መኖሪያው የፈረሰበትን ፍጥረት ሁሉ በየስሙ እየጠራ፣ ለእያንዳንዱ ቁንጣሪ ሩዝ እየበተነ ይቅርታ ይለምናል። ከዚያ ላም ከነጥጃዋ ቀድማ ትገባለች፤ ሚስት በቀኝ እግሯ ትከተላለች፤ አዲሱ ምድጃ ላይ ወተት ይጣዳል። ወተቱ ገንፍሎ ሲፈስ ያኔ ቤቱ ቤት ሆነ ይባላል።

በዋዜማው ሰውየው በሩ ላይ የማንጎ ቅጠል ሲያስር ከውስጥ ድምፅ ሰማ። ሸር... ሸር... ሸር። ሰው የሚጠርግ ይመስላል። «ማነው?» ሲል ጸጥ አለ። ቢገባ ማንም የለም። ወለሉ የግንበኞቹ ሲሚንቶ ብናኝ እንደተኛበት ነው፤ መሃል ላይ ግን አንዲት ጎጆ የምታህል ክብ ቦታ ጽድት ብላ ተጠርጋለች። ዙሪያዋን የእግር ዱካ የለም። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ሰውየውን ብርድ ብርድ አለው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጥረጊያ አንሥቶ ቤቱን በሙሉ ጠረገው፣ የተጠረገው ቦታ እንዳይታይ! ለሚስቱም ትንፍሽ አላለም።

በነጋታው ዘመድ ጎረቤት ተሰበሰበ። የኪራዩን ቤት ለቅቀዋል፤ ዕቃቸው ደጅ ተቆልሏል። ዝናቡ ሊገባ ነው፣ በክረምት ደግሞ ሰዓት አይቆረጥም፤ ይህ ሰዓት ካለፈ ሌላ የሚገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ሰውየው ተንበርክኮ ሩዙን እየበተነ ጠራ፤ ጉንዳኑን፣ ምስጡን፣ እባቡን፣ የተቆረጠውን ኒም፣ ከኒሙ ጋር ጎጆዋ የወደቀባትን ወፍ።

«ሌላስ?» አለ ካህናቸው።

«ሌላ የለም።»

ላሟን አመጧት። ደፉ ጋ ስትደርስ የፊት እግሮቿን ተክላ ቀጥ አለች። አንገቷን አስግጋ ወደ ባዶው ቤት ታያለች፤ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር ይከተላል። ያኔ ያ ድምፅ መጣ። ሸር... ሸር... አሁን ሁሉም ሰማው፤ ሰው ሁሉ ክው አለ። አንዷ «ኧረ ውስጥ ሰው አለ!» ብላ ጮኸች፤ ገብቶ ሊያይ የደፈረ ግን አልነበረም። ሰውየው አፍሮም ፈርቶም ላሟን ሊመታ ዱላ አነሣ። ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ማንን ነው ያልጠራኸው?»

«የዛፏን ሥር ሴትዮ» አለ።

«ጥራታ ታዲያ!»

«ስሟን አላውቀውም።»

አየህ፣ የምስጡን ስም ያውቃል፤ ዋሽቶ ከቤቷ ያስወጣትን ሰው ስም አያውቅም። ካህኑ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና «ጊዜ የለም» አለ። ሰውየው ዱላውን ጥሎ ሮጠ።

ወንዙን ተሻግሮ እህትየዋ ቤት ቢደርስ አሮጊቷ አልጋ ላይ ናት፤ ዓይኗ ተከድኗል። ቀኝ እጇ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ሳታቋርጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ እንደሚጠርግ ሰው። «ከተኛች ወር ሆናት» አለችው እህትየዋ። «ቤቴን አቧራ ይለብሰዋል እያለች ስትጠርግ ትውላለች።» ሰውየው እግሯ ሥር ወድቆ «እማማ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አላት።

እጇ ቆመች።

«ካምላ» አለች። «ያኔውኑ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

አዝሏት ሲመለስ ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ካህኑ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ግን ደፉ ላይ ተንበርክኮ በሰው ሁሉ ፊት ጠራት፤ «እማማ ካምላ፣ ቤትዎን አፍርሼ ዋሸሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አሮጊቷ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። ላሟም ማንም ሳይጎትታት ገባች። የተቆረጠው ሰዓትስ አትበለኝ፤ ላም ሰዓት አታውቅም። ልጁ እዚያ ቤት ተወለደ። አሮጊቷም እዚያው ሆና የልጁን ልቅሶ ከሰማች በኋላ ሳምንት ሳይሞላት ዐረፈች።

አንተም ዳምጠው ያው ነህ። የሻርከውን ጾም፣ በከንቱ የማልከውን መሐላ፣ የመታኸውን ውሻ ሳይቀር ለንስሐ አባትህ ዘርዝረሃል፤ ቁንጣሪ ሩዝህን ለጉንዳን ለምስጡ በትነህ ጨርሰሃል። ሠርግህ ሲደርስ «እንግዳ ይበዛል» ብለህ ከጓዳ ያስወጣሃትን፣ እናትህ ስትሞት አዝላ ያሳደገችህን አክስትህን ስመኝን ግን አልጠራሃትም። ልብህ እንዴት ይረፍ? ያ ሰው ሲሮጥ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ላንተ ስንት ቀን እንደቀረህ እኔ አላውቅም፤ ትናንት ማታ ካህን ሊያቆርባት ሲሄድ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ታፈጥብኛለህ? ተነሥ እንጂ!