እንደ ታየኝ ሣልሁ

አንድ ሰው ነበረ። መነኩሴ ነው፤ ሥራው ሥዕል መሣል ነው። ልጄ፣ ለጥያቄህ ከእኔ ቃል ይልቅ የዚህ ሰው ኑሮ ይመልስልሃልና ታግሠህ ስማ።

አገሩ ቀይ ገደል ያለበት ደጋ ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ አልነበረም፤ ተራራው ራሱ ወደ ውስጥ እየተፈለፈለ፣ ዓምዱም ጣሪያውም ከአንድ አለት ይወጣ ነበር። አንድ ጠራቢ ነበረ፤ አባቱ ጀምሮት የሞተውን ቤተ ክርስቲያን እሱ ነው በመሮና በመዶሻ የጨረሰው። አፉ ሻካራ ነው፣ እጁ ግን የተባረከ። ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ አሉት። የድንጋይ ፍንጣሪ ቅንድቡን ሰንጥቆ ጠባሳ ጥሎበታል፤ የአንድ ጆሮውንም ጫፍ ወስዶበታል። ሠዓሊው መነኩሴ ደግሞ አባ እንጦንስ ይባላል። ጠራቢው ግድግዳውን አለስልሶ ሲለቅ፣ እሱ በኖራ ለስኖ ይሥልበታል። እንዲህ ሆነው ብዙ ጊዜ በሰላም ሠሩ።

የተጣሉት በመስኮት ነው። ሠዓሊው ዐቢይ ጾምን ሙሉ ደክሞ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ እመቤታችንን ከልጇ ጋር ሣለ። ከሥዕሉ በላይ ጠባብ መስኮት ነበረች። ቀሳውስቱ «ጨለመብን፣ መጽሐፉ አልነበብ አለን» ቢሉ፣ ጠራቢው መስኮቷን ሊያሰፋት መሰላል አቆመ።

«ተው፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሥዕሉን ያጠፋዋል» አለው ሠዓሊው።

«አባ፣ ድንጋዩ የኔ፣ ቀለሙ የእርስዎ» አለና መዶሻውን አነሣ።

ሐምሌ ላይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በመስኮቱ እየገባ ግድግዳውን ሲገርፈው ሰነበተ። ሠዓሊው ገብቶ ቢያይ የእመቤታችን ፊት ወርዶ፣ ሰማያዊው ከቀዩ ተደባልቆ ወለሉ ላይ ጭቃ ሆኗል። ጠራቢውም መጥቶ አየ። አዘነ እንጂ ደስ አላለውም፤ ነገር ግን ይቅርታ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበረና፣ «ምን ይደረግ፣ እጅዎ አለ፤ ሌላ ይሥላሉ» ብሎት ወጣ።

ነገሩ ሁሉ ይህችው ናት። ሠዓሊው ግን ቃሏን ዋጣት፣ ሆዱ ውስጥም አደገች። ማኅሌት ሲቆም ትመጣበታለች፤ ሲሰግድ ትመጣበታለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለ ስንቱን ሲመክር የኖረ ሰው፣ በራሱ ሲደርስ ምክሩ ጠፋው።

ከዚያ በኋላ አበምኔቱ ዝናቡ በማይደርስበት በሌላው ግድግዳ ላይ ስቅለትን እንዲሥል አዘዙት። ጌታን ሣለ፤ እናቱን ሣለ፤ ዮሐንስን ሣለ። ምስማሩን የሚመታው ሰው ቀረ። መዶሻውን ሣለ፣ መዶሻውን የጨበጠውንም እጅ ሣለ፣ ወደ ፊቱ መጣ። ክፉዎች እንደ ልማዱ በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት፤ እሱም እንዲያ አደረገ። ግን ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ጨመረበት፤ የጆሮውንም ጫፍ ቆረጠው። ኋላ ላይ «እጄ ወሰደኝ» ይል ነበር። እጅ ማንንም አይወስድም፣ ልጄ። ራቅ ብሎ ሲያየው ማን እንደሆነ አውቋል፤ ደስም ብሎታል። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበረ አንድ ጨርቅ ይበቃው ነበር። ይህን እያሰበ ሳለ የጸሎት ደወል ተደወለ፤ ጨርቁን አስቀምጦ ሄደ። ሲመለስ ቀለሙ ደርቋል።

የስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሊሰግድ መጣና ሥዕሉን የሸፈነው መጋረጃ ተገለጠ። አንዲት ሴት የመስቀሉን እግር ስማ ቀና ስትል፣ «በስመ አብ! ይሄ ዘመልአክ አይደለም እንዴ?» አለች። ዘመልአክ የጠራቢው ስም ነው።

ሰው ሁሉ ተጋፍቶ አየ። ጠራቢው ከኋላ ነበረ፤ መንገድ ለቀቁለት፤ የለቀቁለት ግን ሊያከብሩት አልነበረም። ቆሞ ራሱን አየ። በገዛ እጁ በጠረበው ግድግዳ ላይ፣ መዶሻውን አንሥቶ፣ ጌታውን ሲቸነክር አየ። ከዚያ ዞሮ ሠዓሊውን በዓይኑ ፈለገው።

«አባ፣ ይህ እኔ ነኝ?»

ሠዓሊው በዚያች ሰዓት «አዎን፣ በቂም ሣልሁህ፤ ማረኝ» ቢል ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። ያፍራል፤ ምናልባትም ቀለሙን ይነጠቃል። ይህ ሁሉ በልቡ አለፈ። «አይደለህም» እንዳይል ደግሞ ሁሉም ያያል። መሬት መሬት እያየ፣ «እንደ ታየኝ ሣልሁ» አለ።

ለማምለጥ ያላት ቃል ናት። ሕዝቡ ግን ሌላ ሰማ። «ታየው! ተገለጠለት!» የሚለው ሹክሹክታ ከቅኔ ማኅሌቱ እስከ ደጁ ደረሰ። ሠዓሊው ጆሮው እየሰማ አላረማቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠራቢውን ሰላም የሚለው ጠፋ። በማኅበር የሱ ጽዋ ለብቻ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ «አትምጣ» ተባለ። የልጁ እጮኛ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አፈረሱ፤ ልጅቱም አፍራ ሩቅ አገር ወዳለ የሴቶች ገዳም ገባች። በመከሩ መግቢያ በረዶ ገብሱን መታው። «ይህ ጠንቅ ከማን ነው?» ተባባሉ፤ መልሱ ግድግዳው ላይ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ሄደው አወጡት። መሮውንና መዶሻውን ገደል ጣሉበት፤ ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ ዘርግተው ጣቶቹን ሰበሩት። «ከእንግዲህ አትቸነክርም» አሉት። ያ እጅ መቅደሳቸውን የጠረበ እጅ ነው። ሚስቱ ቁስሉን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ይዛው ወደ ቆላ ወረደች።

ሠዓሊው የጠራቢውን ጣቶች መሰበር ሲሰማ ብሩሹን ጥሎ ተነሣ። የዚያኑ ዕለት በዋሻ ወደሚኖሩት ሽማግሌ የንስሐ አባቱ ሄዶ ሁሉንም ተናዘዘ።

«ሂድና ሕዝቡ ፊት ቆመህ ንገር» አሉት።

«አባቴ፣ ከዚህ ሌላ የፈለጉትን ቀኖና ይስጡኝ።»

«ሌላ የለኝም፣ ልጄ።»

እሱ ግን ሌላ ቀኖና ለራሱ ሰጠ። እህል በውኃ እየነከረ ብቻ ይበላ ጀመር። ግንባሩ እስኪላጥ ሰገደ፤ በባዶ ድንጋይ ላይ ተኛ። ለመስቀል እናገራለሁ ይላል፤ መስቀል ሲደርስ ለገና ያደርገዋል። ጠራቢው እዚያ ቆላ በአንድ እጁ ምን ሠርቶ እንደሚበላ እያሰበ ያለቅሳል፤ አልቅሶም ዝም ይላል። ሰውነቱ መንምኖ ዓይኑ ጎድጉዶ ሲያዩት ሕዝቡ «ባሕታዊ ሆነ» አሉ። የልብሱን ጫፍ ይስሙ ጀመር። በዚህ መካከል የንስሐ አባቱ ዐረፉ። የሚያውቅበት ሰው ጠፋ፤ እሱም ይህን ሲሰማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ቀለል አለው።

ጠራቢውን ንዳድ ገደለው። ሚስቱና ወንድሟ አስከሬኑን በቃሬዛ ተሸክመው ያን ሁሉ ዳገት ወጡ። «ቤቱን የሠራው እሱ ነው፤ ከደጁ እንኳ ይቀበር» ብላ ለመነች። ሕዝቡ በሩን ዘግቶ ቆመ።

ሠዓሊው ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ቃሬዛውንም አየ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመና፣ ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀውን ጮኾ ተናገረ።

«ስሙኝ! ይህ ሰው ንጹሕ ነው! ምንም አልታየኝም! ሥዕሌን ዝናብ ስላጠፋብኝ በቂም ሣልሁት። ዋሸኋችሁ! እኔ ነኝ የገደልኩት!»

አንድ ሽማግሌ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «አያችሁ ትሕትናውን?» አለ። «የክፉውን ሰው ኃጢአት በራሱ ላይ ሲሸከም አያችሁ?»

ሴቶቹ እልል አሉ።

«እውነቴን ነው! በመስቀሉ፣ እውነቴን ነው!» እያለ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር ይብሱን አለቀሱ። አበምኔቱን ለመናቸው፤ እሳቸውም ከአገር ሁሉ ለዚያ ሥዕል የሚመጣውን ምእመን አሰቡና፣ «አባ እንጦንስ፣ ጾሙ አድክሞሃል» አሉት። ቢቸግረው የግድግዳ መፋቂያውን ይዞ ወደ ውስጥ ሮጠ፤ ፊቱን ከግድግዳው ሊፍቀው። ጎልማሶች ደርሰው ክንዶቹን ያዙት። በአክብሮት ነው የያዙት፤ እጁንም እየሳሙ መፋቂያውን ነጠቁት። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይነካው በሥዕሉ ፊት አጥር ሠሩለት።

ያመነችው የጠራቢው ሚስት ብቻ ናት። ተራራው ሲፈለፈል የወጣው የድንጋይ ፍቅፋቂ ከደጁ ውጭ ተቆልሎ ነበር፤ ባሏን እዚያ ፍቅፋቂ ሥር ቀበረችው። ሠዓሊው ሊረዳ መጥቶ አንድ ድንጋይ አነሣ።

«ያስቀምጡት» አለችው።

አስቀመጠ።

«አባ፣ እኔ አምኜዎታለሁ። ድሮም ዐውቀው ነበር። ግን ይህን ቃል እስከ ዛሬ የት አኑረውት ነበር? ጣቶቹ ሳይሰበሩ፣ ልጄ ሳትሄድ፣ የት ነበረ?»

መልሱንም አልጠበቀችም፤ ወንድሟን ጠርታ ቁልቁለቱን ወረደች።

ሠዓሊው ረጅም ዕድሜ ኖረ። ሰው እጁን ሊስም ሲመጣ ከቀሚሱ ውስጥ ይሸሽገዋል፤ ያንንም ትሕትና አሉት። ለማንም ቢነግር እያለቀሱ ይመርቁታል እንጂ አይሰሙትም። ሲሞት በብዙ ዕጣንና በብዙ ዝማሬ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ከዚያው ግድግዳ ሥር ቀበሩት። ጠራቢው ውጭ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ «የጎረቤቴን ስም በሐሰት አጥፍቻለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ጾሜን ጾሜያለሁ፤ ታዲያ ሐሰቱን በሰሙት ሰዎች ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ ማለት ለምን ያስፈልገኛል? ጊዜ አያስረሳውም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጊዜ አያስረሳውም፤ ያደርቀዋል። አንተ ስለዚያ ሰው የተናገርኸው ቃል እንደ ሠዓሊው ቀለም ነው። ዛሬ እርጥብ ነው። ብትጠርገው እጅህ ይቆሽሻል፣ ይሥቁብሃል፣ ውሸታም ይሉሃል። ውሸታም መባልን ፈርተህ ጾምህን ብታበዛ፣ ነገ ጻድቅ ይሉሃል። ጻድቅ ካሉህ በኋላ እውነቱን ብትናገር የሚያምንህ የለም፤ ያ ሰው በአንተ ቃል እንደ ታሰረ ይቀበራል፣ አንተም የእሱን ደም ለብሰህ ትመሰገናለህ። ውርደትን አትፍራ፤ ያን ምስጋና ፍራ።

ሰውዬው በሕይወት አለ አይደል? ተነሥ እንግዲህ። የጀመርኸውን ጸሎት መጥተህ ትጨርሰዋለህ።