የሀብታሙ መሰላል

አንድ ሰው ነበረ። አስናቀው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ «ነገ በነጻ ለምንሠራው የጣሪያ በጎ ሥራ ገመድ፣ ፍተሻ፣ ለተጎዳ ሰው መጦሪያ ምን ያደርግልናል?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ።

ሰውየው ሀብታም ነበረ፤ የሚኖረውም በረዶ በሚበዛበት ደጋ አገር ነው። የእኛ ሰፈር በረዶ ከዚያኛው ጋር ሲተያይ ዱቄት ነው። የዚያ አገር በረዶ አንዱ ፍሬ የአህያ ራስ ያህላል። አጋነንክ ካልከኝ የውርንጭላ ራስ ይሁንልህ፤ ከዚያ በታች አልወርድም። ከጣሪያ ላይ ቶሎ ካልተጠረገ ቤት ይደረምሳል። ደካሞች ደግሞ ወጥተው መጥረግ አይችሉም። ስለዚህ ሀብታሙ ደቦ ጠራ፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ጎረቤቱ ተሰብስቦ የአቅመ ደካሞችን ጣሪያ እንዲጠርግ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ማን ይጠላዋል?

መሰላሉን የሰጠው እሱ ነው። ከኖኅ መርከብ የተረፈ መሰላል ነበር። አንድ አናጢ አየውና፣ «ጌታው፣ ይሄ እግሩ ይንሸራተታል። ሁለት ሰው ይያዘው፤ የሚወጣውም በገመድ ይታሰር» አለ።

ሀብታሙ ሳቀበት። «ለጽድቅ የወጣን ሰው መልአክ ይይዘዋል» አለ። መልአኩን ቀጥሮ የሚያሠራው ራሱ ይመስል።

በሁለተኛው በረዶ መሰላሉ ከሥሩ ተንሸራተተና አንድ ሸማኔ ከአንዲት አሮጊት ጣሪያ ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ። ሸማኔ የሚሠራው በእጁ ብቻ አይደለም፤ እግሩ ካልረገጠ ሸማ የለም። አምስት ልጆች አሉት። ሀብታሙ መጣ፣ ቆሞ አየው፣ «በፈቃድህ ነው የወጣኸው፤ ዋጋህን ከሰማይ ትቀበላለህ» ብሎት ሄደ። ምስጋናው ለጠሪው፣ ስብራቱ ለወዳቂው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጥርሴን ያፋጨኛል፤ የቀሩኝም ሁለት ናቸው።

ሦስተኛው በረዶ ጣለ። ደቦው ያንኑ መሰላል ተሸክሞ አሮጊቷ ደጅ ደረሰ። ጣሪያዋ ከበረዶው ክብደት የተነሳ ሲጥ ሲጥ ይላል። አሮጊቷ ወጣችና መሰላሉ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ፤ ቤትዎ ሊወድቅ ነው» አሏት።

«ይውደቅ። ቤት ነው። ባለፈው የወደቀው ሰው ነበር።»

ሀብታሙ ተቆጣ። «ለአንቺ ብለን መጥተን ደጅ ላይ ታቆሚናለሽ?»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ ጌታው፣ ዛሬ አንተ ቅደም» አለችና ተነሥታ ለቀቀችለት።

መሰላሉን አቆሙለት። ሰው ሁሉ ያየዋል። መሸሽ አሳፈረውና አንድ እግሩን አሳረፈ። ሁለተኛውን ሊያነሣ ሲል ተመልሶ ወረደ።

«ይሄ ነገር ይወላገዳል እኮ» አለ።

«ዛሬ ነው የታየህ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥድፊያ ባየህ። አናጢው ተጠራ፣ ገመድ ተፈለገ፣ መሰላሉን ሁለት ሳይሆን አራት ሰው ያዘው። አሮጊቷ ግን፣ «የሸማኔውን ልጆች ማን እንደሚያበላ ሳትነግሩኝ ጣሪያዬን አትነኩም» አለች። እዚያው ቆመው ተነጋገሩ፤ ሀብታሙም በሰው ፊት ቃል ገባ። እነሱ ሲነጋገሩ ጓዳዋ ተደረመሰ። ዋናው ቤት ተረፈ፤ ያን ቀን ከጣሪያ የወደቀም ሰው የለም።

እንግዲህ አስናቀው፣ ያ ሀብታም አንተ ነህ። ሀብቱ የለህም እንጂ አመሉ አለህ። ነገ ጠዋት ሠላሳ ሰው ጣሪያ ላይ ልታወጣ ነው። ጉልበታቸውን ሰጡህ፤ አጥንታቸውን አልሰጡህም። ገመዱ ትርፍ ነገር የመሰለህ አንተ መሬት ላይ ቆመህ ስለምታዝዝ ነው። እስቲ አሁን ንገረኝ፤ ከሠላሳው መጀመሪያ የሚወጣው፣ መሰላሉን በገላው የሚፈትንልህ፣ የማን አባት ነው?