በጃኬት ሥር የዋለው ሽጉጥ

በአንድ ወቅት ነው። የትኛው ወቅት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ከሰዎቹ በሕይወት ያሉ አሉ፣ እኔም ጠብ አልሻም። ሰሊጥ በሚዘራበት ቆላ አቶ ባይነሳኝ የሚባሉ ገበሬ በድንበር ጠብ ጎሹ በሚባል ጎረቤታቸው እጅ ተገደሉ። ሽጉጥ ነበራቸው። የሞቱ ዕለት ግን «ወገቤን ጎተተኝ» ብለው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር የወጡት።

ሦስት ልጆች ቀሩ። ትልቁ ጫኔ የአባቱን ሽጉጥ ወሰደ። ሙሉ ብረት ነው፤ ሲታጠቁት ቀበቶ ያዘነብላል፣ ከሩቅም ይታያል። «ይክበደኝ» አለ ጫኔ። «ከከበደኝ መያዜን አልረሳም። መያዙን የማይረሳ ሰው ደግሞ ቶሎ አይመዝም።»

ሁለተኛው መልኬ አዲስ ገዛ። እጀታውና አካሉ ፖሊመር ነው፤ የአገሩ ሰው «ፕላስቲኩ» ይለዋል። ቀላል ነው፣ ጃኬት ከለበሱበት መኖሩ አይታወቅም። «አባዬን የገደለው ጎሹ ብቻ አይደለም፤ የዚያ ብረት ክብደትም ነው» አለ። «የሚከብድ ዕቃ ቤት ይቀራል። ይሄ ግን ስሠራም ስበላም አብሮኝ ነው።»

እህታቸው ይታክቱ ምንም አልያዘችም። ዐይኗን ግን ከሁለቱም ወገብ ላይ አንሥታ አታውቅም።

ወረዳው ለአንድ ቤት አንድ ፈቃድ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ሌላው ሽጉጥ ለመንግሥት ገቢ እንደሚሆን ነግሮ፣ ወስነው እንዲመጡ ቀን ቆረጠላቸው። ዕርቁን የያዙት የአገር ሽማግሌዎች «መጀመሪያ ደሙ ይድረቅ፤ ፈቃዱን ከዕርቁ በኋላ እናያለን» አሉ። ዕርቁ ካልሰመረ ከሁለቱ ቤት ከአንዱ ሌላ ሬሳ እንደሚወጣ ያልገባው ሰው አልነበረም።

የዚያ አገር ዕርቅ ሥርዓት አለው። መሣሪያ ሁሉ ዋርካው ሥር በተነጠፈ ቁርበት ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ባዶ እጁን መሆኑን ይምላል። ፍተሻ የለም፣ መሐላው ይበቃል። ገዳዩ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይመጣል። የሟች ልጆች ድንጋዩን ካነሡለት ደሙ ደረቀ ማለት ነው።

ጫኔ ብረቱን ፈትቶ ቁርበቱ ላይ አኖረ፤ ከዚያም ማለ። መልኬ ማለ። ጎሹም ማለ። ይታክቱ ጠዋት መልኬ ሲለብስ ፕላስቲኩን ጃኬቱ ሥር አይታው ነበር። ሲምል ሰማችው፣ ዝም አለች።

ጎሹ ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሊያነሡለት ጎንበስ አሉ። ይሄኔ የመልኬ ጃኬት ወደ ላይ ተሰበሰበና እጀታው ካጎነበሰው ሰው ዐይን ፊት ብቅ አለ።

«አታለላችሁኝ!» ብሎ ጮኸ ጎሹ። ከጉያው ጩቤ መዞ ወደ ጫኔ ሰነዘረ። የጫኔ ሁለት እጆች ድንጋዩን ይዘዋል። መልኬ ሽጉጡን አውጥቶ ደገነ፤ ጩቤው መሬት ወደቀ። ጥይት አልተተኮሰም። ዕርቁ ግን ፈረሰ።

አያ ደርሶ የሚባሉት የሽማግሌዎቹ አውራ መልኬን አስቀርበው ጠየቁት። «ምለህ እንዴት ታጥቀህ ገባህ?»

«ረስቼው ነው አያ። ወገቤ ላይ ያለም አይመስለኝ።»

እንግዲህ ይህን ማን ያውቅለታል? መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ ቤቱን የሚያተራምስ ሰው አውቃለሁ። ረሳሁ እያለ ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ሌባም አውቃለሁ።

«ቃሌን የጠበቅሁ እኔ ነኝ፤ ፈቃዱ ለብረቱ ይሁን» አለ ጫኔ።

«ልደብቀው ብትልስ የት ይደበቅልሃል?» አለችው ይታክቱ።

መልኬ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ቃልህን ጠብቀህ ዛሬ ትቀበር ነበር። ቆመህ የምትከራከረኝ በዚሁ ፕላስቲክ ነው።»

«ያንን ፕላስቲክ ባያይ ጩቤውን ይመዝ ነበር?»

«ሊታረቅ የመጣ ሰው ጩቤ ምን ያደርግለታል?»

ይታክቱ ብድግ አለች። «ፈቃዱ በእኔ ስም ይሁን። ጫኔ መታጠቁን የሚያውቀው ሲከብደው ነው፤ መልኬ ደግሞ ስለማይከብደው ይረሳል። የትኛውም ሽጉጥ ቢቀር፣ የት እንዳለ ሁልጊዜ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ካወቅሽ ሲምል ለምን ዝም አልሽ?» አሏት አያ ደርሶ።

«አባዬን ባዶ እጁን ስሸኘውም ዝም ብዬ ነበር፣ አያ።»

ወረዳው የሰጠው ቀን ሰኞ ያበቃል። የጎሹ ወንድሞች ከሰሊጡ ማሳ ድንበር ላይ ሲያንዣብቡ ታይተዋል፤ የሚመክሩትን የሰማ የለም። በዚያ ቤት ሰኞ ማታ አንድ ሰው ይታጠቃል፣ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ያድራሉ።

ፍርዱን ለእናንተ ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ ግን ሁላችሁም ወገባችሁን ዳበስ አድርጉ፤ ከዚያ ንገሩኝ፦ ፈቃዱ የሚገባው ለማን ነው?